ኦስካሩ የነበረበት የሚስማር ሱቅ

ሰውየውን መጀመሪያ ያየሁት ዋሽንግተን ዲሲ፣ የመኪና ማቆሚያ ምድር ቤት ውስጥ ነው። የዛሬ 14 ዓመት፣ አዲስ መጤ ሳለሁ፣ የሌሊት ፈረቃ ገንዘብ ተቀባይ ነበርኩ። የምቀመጥባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ምስሏ የሚንቀጠቀጥ ትንሽ ቴሌቪዥን ነበረች። የፈረንጆቹ ገና ሰሞን አንድ ጥቁርና ነጭ ፊልም መጣ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገር ቃል የሚጎተትበት ሰው በበረዶ መሃል ድልድይ ላይ ቆሞ ያለቅሳል። እንግሊዝኛው ግማሹ አልገባኝም። ነገሩ ግን ገባኝ። ትንሽ ከተማ ውስጥ፣ መሄድ እየፈለገ የአባቱን ሥራ ተረክቦ የቀረ ሰው ታሪክ ነው።

እኔ ደግሞ አልረከብም ብዬ የሄድኩ ነኝ። አባቴ ደሴ ፒያሳ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ነበረው። ሚስማር በኪሎ፣ ማጠፊያ፣ ጓጉንቸር፣ የበር እጀታ። ሚስማሩን በሲሚንቶ ወረቀት ጠቅልሎ ሲሰጥ ሚዛን ላይ የሚያወጣው ለደንቡ ነው። እጁ ኪሎውን ያውቀዋል።

ፊልሙ «ኢትስ ኤ ወንደርፉል ላይፍ» ይባላል። ሰውየው የድሮው የሆሊውድ ተዋናይ ጄምስ ስቱዋርት ነው፤ አሜሪካኖቹ ጂሚ ይሉታል። ቆይቼ ስለ እሱ ሳነብ የእሱም አባት ሱቅ እንደነበረው አወቅሁ። ያውም የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ! ከዚያ ወዲህ ሱቁ የነበረበትን ከተማ ሳላይ አልሞትም እያልኩ ቆይቼ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ተነሳሁ። (የጉዞው ቀን በእኛ፣ የሰውየው ዓመታት በእነሱ አቆጣጠር ናቸው። ቀላቅዬ የጻፍኩት አውቄ ነው።)

አብረውኝ የተጓዙት የአክስቴ ልጅ ናቸው። በ18 ዓመት ስለሚበልጡኝ ጋሼ ነው የምላቸው። ዲሲ ውስጥ ከ25 ዓመት በላይ ታክሲ ነድተዋል። ፊልም አይወዱም። የመጡት መኪናዬን የሚመልስልኝ ሰው ስለጠፋ ነው። እኔ ከፒትስበርግ ወደ ሎስ አንጀለስ በርሬ እህቴን አራስ ልጠይቅ ነበር።

ዓርብ፣ ጥቅምት 2፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ኢንዲያና

ጣጣው ከቤት ሳንወጣ ጀመረ። ጋሼ ስልካቸው ላይ «ኢንዲያና» ብለው ጻፉ።

«የዘጠኝ ሰዓት ተኩል መንገድ ነው ይላል። አንተ የአራት ሰዓት አይደል ያልከኝ?»

ስልኩ የመረጠው ኢንዲያና የሚባለውን ግዛት ነው። እኛ የምንሄድበት ኢንዲያና ፔንሲልቬንያ ውስጥ ያለ ትንሽ ከተማ ነው። ይህን ሳስረዳቸው መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «ይህን ሁሉ አገር ይዘው ስም አለቀባቸው?»

ሄገርስታውን ላይ ቤንዚን ሞላን፤ 46 ዶላር። ይህ የጋሼ ሕግ ነው። ፔንሲልቬንያ የቤንዚን ታክሱ ከባድ ስለሆነ ድንበር ሳይሻገሩ መቅዳት። ከዚያ ክፍያ ያለበትን አውራ ጎዳና ትተን በድሮው መንገድ ሄድን። አንደኛ ብር ይተርፋል፤ ሁለተኛ ሜርሰርስበርግ በዚያ በኩል ናት።

ሜርሰርስበርግ ግማሽ ሰዓት የምትበቃ ከተማ ናት። አዳሪ ትምህርት ቤት አላት። ስቱዋርት በ1928 የጨረሰው እዚያ ነው። ግቢው ውስጥ 15ኛው ፕሬዚዳንት ጄምስ ቡካነን የተወለደባት የግንድ ጎጆ ተተክላለች። ጋሼ ጎጆዋን ዞረው አዩና የኛ ጎተራ ይሻላል አሉ።

ልጁ ጂሚ የባሕር ኃይል አካዳሚ መግባት ነበር የሚፈልገው። አባትየው ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የተማሩ ናቸውና «ፕሪንስተን ነው የምትገባው» አሉ፤ ገባ። የሕንፃ ንድፍ ተማረ። የመመረቂያ ሥራው የአውሮፕላን ጣቢያ ንድፍ ነበር፤ አስተማሪዎቹ ወደውት ለከፍተኛ ትምህርት ስኮላርሺፕ ሰጡት። ግን የተመረቀው በ1932 ነው። አሜሪካ በኢኮኖሚ ድቀት የተመታችበት ዘመን፤ ሕንፃ የሚያሠራ ሰው የለም። ኬፕ ኮድ ውስጥ ፋልማውዝ ላይ ወጣቶች የመሠረቱት የክረምት ቴአትር ቡድን ነበረና አኮርዲዮኑን ይዞ ሄደ። አኮርዲዮኑን ያገኘበት መንገድ ደግሞ ይገርማል። የአባቱ ደንበኛ ዕዳውን መክፈል ቢያቅተው በገንዘቡ ፈንታ ሱቁ ውስጥ ጥሎት የሄደው ነው። አባቴም በዕዳ የያዘው አንድ የግድግዳ ሰዓት ነበረው፤ ከእኛ ቤት ግን ተዋናይ አልወጣም።

ከሜርሰርስበርግ በስተ ምዕራብ ቱስካሮራ የሚባል ተራራ አለ። ቅጠሉ ቢጫና ቀይ ሆኗል፤ ጭጋጉ ግማሹን ውጦታል። ከፊታችን አንድ የጭነት መኪና እያቃሰተ ይወጣል። እኔ መሪውን በሁለት እጄ ጨበጥኩ። ጋሼ ኦቾሎኒ ይፈለፍላሉ። በልጅነታቸው ኤንትሬ ላይ ረዳት ሆነው ጣርማ በርን የወጡ ሰው ናቸው።

«ተራራ የምትለው ይህንን ነው?»

ማኮኔልስበርግ ምሳ። ዓርብ ነው። ጋሼ ይጾማሉ፤ እኔም ከእሳቸው ጋር ስሆን እጾማለሁ። አስተናጋጇ 60 ዓመት የሚጠጋት፣ ፈጣን ሴት ናት። ሥጋ አንበላም አልኳት። እሺ። ወተትም። እሺ። ቅቤም፣ እንቁላልም። እስክሪብቶዋን ጆሮዋ ላይ ሰካችና «ታዲያ ምን ቀረህ የኔ ማር?» አለችኝ። የተጋገረ ድንችና ፎሶሊያ አመጣች። ጋሼ ፎሶሊያውን በሹካ ገለበጡት። ከሥሩ የአሳማ ሥጋ ቁራጭ ብቅ አለ። ለጣዕም ነው አለች። ጋሼ ሳህኑን በአንድ ጣት ወደ እኔ ገፉት፤ እኔ ወደ እሷ። በምትኩ በጎድጓዳ ሳህን የፖም ገንፎ መጣ። ሒሳቡ ለሁለታችን 19 ዶላር። 5 ዶላር ጉርሻ ተውን። ሴትዮዋ በደንብ ተንገላታለች።

ቤድፎርድን አለፍናት። ፊልሙ ላይ ያለችው የፈጠራ ከተማ ቤድፎርድ ፎልስ ትባላለች፤ ስሙን ሳይ ዝም ብሎ ደስ አለኝ። ጆንስታውን ላይ ጋሼ ቡና ፈለጉ። በ1889 ከበላዩ ያለው ግድብ ተደርምሶ 2,209 ሰው ያለቀበት ከተማ ነው። ይህን ስነግራቸው ቡናው ቢቀርም ግድ የለኝም ብለው መኪናው ውስጥ ገቡ።

ሊመሽ ሲል፣ ኢንዲያና 20 ደቂቃ ሲቀረን፣ መኪናዋ ወደ ቀኝ መጎተት ጀመረች። ወርጄ ጎማውን በስልኬ መብራት አየሁት። ሚስማር። እስከ ራሱ ገብቷል። ጋሼ ጎንበስ ብለው አዩና ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው።

«ከአባትህ ሱቅ የተላከ ነው!»

ትርፍ ጎማውን ዝናብ እየመታን ቀየርነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 3፦ ኢንዲያና

ሞቴሉ ከነታክሱ 84 ዶላር ነው። ማሞቂያው ሌሊቱን ሙሉ እንደ ወፍጮ ሲያጓራ አደረ። ከተማዋ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ቅዳሜና እሁድ ሌላ ክፍል የለም አሉን።

ጠዋት ጎማ ጠጋኙ ሚስማሩን በጉጠት ነቅሎ መዳፌ ላይ አኖረልኝ። 25 ዶላር። ሚስማሩን ባለ 7 ነው ብዬ ገመትኩ። አባቴ ቢኖር ኖሮ የተሠራበትን ፋብሪካ ይነግረኝ ነበር። ኪሴ ከተትኩት።

ዋናው ጎዳና ፊላደልፊያ ይባላል። የጡብ ሕንፃዎች፣ የፀጉር ቤት፣ የፒዛ ቤት። የእግረኛ መሻገሪያው ላይ ቁልፉን ስጫን ድምፅ ወጣ። ሰውየው ራሱ! ቃሉን እየጎተተ፣ እየተንተባተበ፣ ጠብቅ ይላል። የእሱን ድምፅ የሚያስመስል ሰው ቀድተው ነው ያስገቡት። ጋሼ ደንግጠው ወደ ኋላቸው ዞሩ። «ማነው?» ሲገባቸው ተሻገሩ፤ ከዚያ ተመልሰው ተሻገሩ። ሦስተኛውን እኔ ነኝ የከለከልኳቸው፤ ሰው ያየናል።

ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት የነሐስ ሐውልቱ ቆሟል። የተመረቀው በ1983፣ 75ኛ ልደቱ ቀን ነው፤ እሱም ተገኝቷል። ነገር ግን ነሐሱ ለቀኑ ስላልደረሰ ከፋይበርግላስ የተሠራውን ነበር አቁመው የመረቁት። አገር ቤት የመሠረት ድንጋይ ሲጣል ያየ ሰው ይህን አይፈርድበትም።

ሱቁ ከዚሁ ጎዳና ላይ ነበር። «ጄ. ኤም. ስቱዋርት» ይባል ነበር፤ በአያትየው ስም። ዛሬ ቦታው ባንክ ነው። መስታወቱ ፊት ቆሜ የምሠራውን አጣሁ። ዝም ብሎ ባንክ ማየት ሌባ ስለሚያስመስል ኤቲኤሙ ላይ 20 ዶላር አወጣሁ። 3 ዶላር ተኩል ቆረጠብኝ።

የሆነው እንዲህ ነው። በ1941 ስቱዋርት «ዘ ፊላደልፊያ ስቶሪ» በተባለው ፊልም ኦስካር ተሸለመ። ፊልሙ የአባቱ ሱቅ ካለበት ጎዳና ጋር ስም ከመጋራቱ በቀር ግንኙነት የለውም። በነጋታው፣ ገና ሳይነጋ፣ አባትየው ደወሉ ይባላል። የሆነ ሽልማት አገኘህ አሉ፤ ምንድነው፣ ሐውልት ነው? በል ላከውና ሱቁ ውስጥ እናስቀምጠው። ላከው። ኦስካሩ በር ገባ ብሎ ባለ የመስታወት ሣጥን ውስጥ፣ ከቤተሰቡ ሜዳሊያዎች ጋር፣ ለ20 ዓመት ግድም ተቀመጠ። መፍቻ ሊገዛ የመጣ ገበሬ ኦስካር አይቶ ይወጣል ማለት ነው።

እኔ የኮሌጅ ዲፕሎማዬን ቅጂ ለአባቴ የላክሁለት ሰሞን ቤት ይሰቅለዋል ብዬ ነበር። ደሴ ስሄድ ሱቅ ውስጥ፣ ከሚዛኑ በላይ፣ ከንግድ ፈቃዱ ጎን ተሰቅሎ አገኘሁት። ፍሬሙ ላይ የሲሚንቶ ብናኝ ተኝቶበታል። አንድ ግንበኛ ማጠፊያ እየመረጠ «ይሄ ነው ልጅዎ?» አለው። አባቴ ቀና ሳይል «ስንት ጥንድ ልስጥህ?» አለ። ዛሬ የዚያ ሱቅ ቦታም የባንክ ቅርንጫፍ ነው።

ሙዚየሙ እዚያው ጎዳና ላይ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ሕንፃ 3ኛ ፎቅ ላይ ነው። በ1995 ልደቱ ቀን ተከፈተ። መግቢያው ከአንድ ሳህን ክትፎ ያነሰ ነው፤ ዲሲ ባለው ዋጋ ማለቴ ነው። ከእኛ ሌላ አራት ሰው ብቻ ነበር። ቤቨርሊ ሂልስ ከነበረው ቤቱ የመጣ የፊት በር አለ፤ ቼዝንስ ከሚባለው የሆሊውድ ምግብ ቤት የመጣ መቀመጫም አለ። ጋሼ የወደዱት በሩን ነው። ማጠፊያውን ነካኩትና ጠንካራ ነው አሉ።

ትንሽ የ1930ዎቹ ዓይነት ሲኒማ አዳራሽም አለው፤ የሰጣቸው ዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ነው። ጨለማው ውስጥ ተቀምጬ ለጋሼ ስለ በረዶው አወራኋቸው። ያ ድልድይ ላይ የሚያለቅስበት ፊልም የተቀረጸው በ1946 በጋ፣ በካሊፎርኒያ ሙቀት ነው። ከዚያ በፊት ለፊልም በረዶ ነጭ ቀለም የተቀባ ኮርንፍሌክስ ነበር የሚበትኑት። ሲረገጥ ስለሚንኮሻኮሽ ንግግር ይበጠብጣል። ለዚህኛው የእሳት ማጥፊያ አረፋና ሳሙና ደባልቀው ነፉት። ኦስካር ለትወናው አላገኘም፤ በረዶውን የሠሩት ግን የቴክኒክ ሽልማት አገኙ። ፊልሙ ከሰረ። በ1974 ደግሞ የባለቤትነት መብቱን የሚያድስ ሰው ተዘናግቶ አሳለፈው። የቴሌቪዥን ጣቢያዎች በነፃ ስላገኙት በየገናው ደጋግመው አሳዩት፤ አገሩ ሁሉ የወደደው ከዚያ ወዲህ ነው።

«እና ምድር ቤት ያለቀስከው በሳሙና አረፋ ነው?» አሉ ጋሼ።

የጦርነቱ ክፍል ሲደርሱ ግን ዝም አሉ። ስቱዋርት ለውትድርና ሲጠራ ክብደቱ አንሶ መልሰውታል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ90፤ ሥጋ የለውም። ሌላው ቢሆን እልል ብሎ ቤቱ ይገባ ነበር። እሱ በልቶ ወፍሮ ተመለሰና በመጋቢት 1941 ተቀጠረ። ኦስካሩን በተቀበለ ማግሥት ማለት ይቻላል። ፓይለት ሆነ፤ ከእንግሊዝ እየተነሳ ቢ-24 ቦምብ ጣይ እየመራ 20 የውጊያ በረራ አደረገ። እንደ ተራ ወታደር ገብቶ ኮሎኔል ሆኖ ወጣ። በኋላም በተጠባባቂው ጦር ብርጋዴር ጄኔራል ሆኗል። ጋሼ ፎቶውን ረጅም ጊዜ አዩት። የእሳቸው ታላቅ ወንድም አየር ወለድ ነበር፤ አልተመለሰም። ስለዚያ አላወራንም።

ገንዘቡን በተመለከተ አንድ ልጨምር፤ ይህ ሰው የዋህ ብቻ አልነበረም። በ1950 «ዊንቸስተር 73» ለሚባለው የካውቦይ ፊልም የጠየቀውን መክፈል ስላቃታቸው ከትርፉ ድርሻ ስጡኝ አለ። ፊልሙ ገበያ አገኘ፤ እሱም ጠቀም ያለ ገንዘብ ዛቀ። ሌሎች ተዋናዮችም ከዚያ በኋላ ከተቀጣሪነት ወደ ሸሪክነት አዘነበሉ። የነጋዴ ልጅ መሆኑ የታየኝ እዚህ ላይ ነው። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ከፊልም ዳይሬክተሩ ሂችኮክ ጋር «ሪር ዊንዶው»ን እና «ቨርቲጎ»ን ሠራ። ለእኔ ትልቁ ትወናው «ቨርቲጎ» ነው። የዋሁ ሰውዬ እዚያ ፊልም ላይ ያስፈራል።

ከሰዓት በኋላ ቪኔጋር ሂል ወደሚባለው ዳገት ወጣን፤ ያደገበት ቤት እዚያ ነው። ሰው ይኖርበታል። ጋሼ የሰው ቤት አፍጥጦ ማየት ነውር ነው ስላሉ ቶሎ ወረድን።

እሁድ፣ ጥቅምት 4፦ ወደ ፒትስበርግ

ስነቃ ጋሼ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ። ይህች ዳዊት ታክሲያቸው ውስጥ ኖራ ኖራ ጠርዟ ተበልቷል። እስኪጨርሱ ጠበቅሁና ስለ ደብዳቤው ነገርኳቸው።

ስቱዋርት በ1943 ወደ አውሮፓ ሊበር ሲል አባቱ ሊሸኙት መጡ። ብዙም አልተነጋገሩም። ሲለያዩ ግን ደብዳቤ ሰጡት። ማታ ከፍቶ ሲያነበው አባቱ ፈርቻለሁ ብለዋል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ እወድሃለሁ ብለዋል። ያንን ቃል ከአፋቸው ሰምቶት አያውቅም። ከደብዳቤው ጋር መዝሙር 91ን ጨምረውለታል።

«ምን የሚለው ነው?»

በልዑል መጠጊያ የሚኖር፣ ብዬ ጀመርኩ።

«እሱማ 90 ነው!»

«የእነሱ አቆጣጠር በአንድ ይለያል ጋሼ።»

«ዓመቱን በሰባት ስምንት፣ ዳዊቱን በአንድ። ሁሉን ነገር አስቀድመውብናል።» ከዚያ ቆየት ብለው፣ «ረዳው ታዲያ?» አሉ።

እሱስ ተመለሰ አልኳቸው። ግን ሚስቱ ግሎሪያ ከቀድሞ ትዳሯ ይዛው የመጣች የእንጀራ ልጅ ነበረው፣ ሮናልድ የሚባል። ልጁ በ1969 ቬትናም ውስጥ በ24 ዓመቱ ተገደለ። ጋሼ መልስ አልሰጡኝም። ዳዊቷን በመሐረብ ጠቅልለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ።

ፒትስበርግ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። ስንወጣ የከተማዋን ትንሽ አውሮፕላን ጣቢያ የሚጠቁም ሰሌዳ አየን፤ በስቱዋርት ስም ነው የሚጠራው። የአውሮፕላን ጣቢያ ነድፎ ተመርቆ ሥራ የጠፋበት ልጅ ስሙ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ተጻፈ። በመንገዱ ግራና ቀኝ የገና ዛፍ እርሻ ነው፤ እንደ ጤፍ በመስመር ተዘርቷል ልል ነበር፤ ጤፍ በመስመር የሚዘራ ገበሬ ግን አጎቴ ብቻ ነው የማውቀው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 5፦ ሎስ አንጀለስ

እህቴ ቤት ገንፎ አለ። ስለ ሌላው ምግብ አልጽፍም።

ከሰዓት በፌርፋክስ ጎዳና በኩል ወጣሁ። ትንሿ ኢትዮጵያ እዚያ ናት፤ ከተማው በ2002 በይፋ የሰየማት። ማኪያቶ 5 ዶላር ጠጣሁ፤ እንደ ደሴው አይደለም፣ ግን ይጠጣል። ከዚያ በአውቶቡስ ሆሊውድ። ቻይኒዝ ቴአትር የሚባለው ሲኒማ ቤት ፊት ለፊት ባለው ሲሚንቶ ላይ የስቱዋርት እጅና እግር ከ1948 ጀምሮ ታትሟል። ጫማዬን አጠገቡ ሳደርግ የእኔ የልጅ ይመስላል። የስፓይደርማን ልብስ የለበሰ ጎረምሳ ፎቶ አብረን እንነሳ ብሎ 20 ዶላር ጠየቀኝ። አልተነሳሁም።

ቤቨርሊ ሂልስ ሮክስበሪ ጎዳና ላይ የነበረው ቤቱ ከሞተ በኋላ ፈርሷል። እዚያ ድረስ የሄድኩት ስለ ጓሮው ነው። ስቱዋርት ከጎኑ የነበረውን ቤት ገዝቶ አፈረሰውና የአትክልት ቦታ አደረገው። ቤቨርሊ ሂልስ ውስጥ ቤት አፍርሶ አትክልት የሚተክል ሰው! ለእህቴ ስነግራት «አበባዬ ቢሰማ ይወደው ነበር» አለች። አባታችንን ነው፤ በሕፃንነቷ ያወጣችለት ስም ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 6፦ ግሌንዴል

ስቱዋርት ወደተቀበረበት ፎረስት ላውን፣ ግሌንዴል ድረስ፣ ታክሲው 31 ዶላር ወሰደ። መካነ መቃብር አይመስልም። ዳገቱ ሁሉ ሣር ነው፤ ድንጋዮቹ መሬት ላይ ተኝተው ሣሩ ውስጥ ገብተዋል። ሠራተኞቹ የዝነኛ መቃብር አይጠቁሙም ተብዬ ስለነበር አልጠየቅሁም። ከአንዲት ትንሽ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ያለውን ዳገት አንድ ሰዓት ያህል ጎንበስ ቀና እያልኩ ዞርኩ። ሁለቴ የሌላ ስቱዋርት አገኘሁ። ፀሐዩ የጥቅምት አይመስልም።

ከዚያ አገኘሁት። ድንጋዩ ካየኋቸው ሌሎች አይበልጥም። ግሎሪያ አጠገቡ ናት፤ በ1994 ቀደመችው። እሱ ሐምሌ 2 ቀን 1997፣ በ89 ዓመቱ። ስለ ኦስካር የተጻፈ የለም፤ ስለ ጄኔራልነቱም። ያለው አንድ ጥቅስ ነው። አነበብኩትና ቁጭ አልኩ። ስልኬን አውጥቼ ጋሼ ጋ ደወልኩ። ዲሲ ከሰዓት ስለሆነ ሥራ ላይ ናቸው።

«በመንገድህ ሁሉ ይጠብቁህ ዘንድ መላእክቱን ስለ አንተ ያዝዛቸዋልና ይላል ጋሼ። ድንጋዩ ላይ ነው የተጻፈው።»

ከአባቱ ደብዳቤ ጋር የነበረው መዝሙር መሆኑ እሳቸው ዘንድ ለመድረስ ትንሽ ጊዜ ወሰደ። የመኪና ጥሩምባ ሰማሁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በግዕዙ ያዙት። «እስመ ለመላእክቲሁ ይኤዝዞሙ በእንቲአከ፤ ከመ ይዕቀቡከ በኵሉ ፍናዊከ።» ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ ሣሩ ላይ አኖርኩት። ኪሴ ውስጥ ያለውን ሚስማር አውጥቼ ከድንጋዩ ጠርዝ ላስቀምጠው አሰብኩ። የሣር ማጨጃ መኪና ከታች ሲመጣ አየሁና መለስኩት፤ የሰው ጎማ ይወጋል።

«ጨረስኩ» አሉ ጋሼ። «አሁን ተሳፋሪ አለብኝ። ደግሞ የመኪናህ የሞተር መብራት በርቷል፤ ስትመጣ አሳየው።»